ከፓሪስ ማርሴይ፦ በባቡር ወይስ በአውሮፕላን?

ከፓሪስ እስከ ማርሴይ በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ፈጣኑ ባቡር ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ይህን የሰማ ሰው ምርጫው ያለቀለት ይመስለዋል። እኔም ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴን ይዤ ለመጓዝ እስክነሳ ድረስ መስሎኝ ነበር።

የሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ቀድሞ መድረስ፣ መሰለፍ፣ መፈተሽ አለ። የማርሴዩም ማረፊያ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁሉም ሲደመር የሚተርፍ ጊዜ የለም፤ ለታመመ ጉልበትማ ሰልፉ ብቻውን ይበቃል። ባቡሩ ከመሐል ከተማ አንስቶ መሐል ከተማ ያወርዳል። ትኬቱን ቀደም ብሎ ያልገዛ ግን ከአውሮፕላን የበለጠ ሊከፍል ይችላል። መድረሻችን ሮም ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያለ ጥርጥር አውሮፕላን እመርጥ ነበር፤ በባቡር ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

እናቴ በመስኮቱ እያዩ፣ «ይህ ሁሉ ሱፍ የማን ይሆን?» እያሉ ደረስን። ጣጣው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሴን ሻርል ጣቢያ ወደ ከተማው የሚያወርደው ደረጃ 104 ነው! እያሳረፍኳቸው ወረድን። ከጣቢያው ሥር ሜትሮ መኖሩን ያወቅሁት ታች ከደረስን በኋላ ነበር።