መስታወት የማያሳየው ፊት

በናይሮቢ ከተማ፣ በአንድ ፎቅ ቤት ሦስተኛ ወለል ላይ፣ ቅዳሜ ማታ እራት ተበልቶ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ እኅትና ወንድም ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ታናሹ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሲሆን የቤቱ የጌም ሊቅ እርሱ ነው። ታላቂቱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ላፕቶፑ ዕድሜው ስለ ገፋ አዳዲሶቹን ጨዋታዎች መሸከም አይችልም። ስለዚህም ታናሹ ከቆዩት መካከል መርጦ አንድ ቅዳሜ ‹‹ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ - ብለድላይንስ›› የተባለውን አመጣላት።

ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 ትሮይካ ጌምስ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ የወጣ ነው። ኩባንያው በዓመቱ ተዘጋ፤ ጨዋታው ግን አልሞተም። ወዳጆቹ ጉድለቱን እየጠገኑ ለዛሬ አድርሰውታል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ዋይት ዎልፍ ያሳተመው፣ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀትና በእርሳስ እየታገዙ የሚጫወቱት የደም መጣጮች ጨዋታ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በሎስ አንጀለስ ነው፤ ተጫዋቹም በአንድ ሌሊት ከሰውነት ወደ ደም መጣጭነት የተለወጠ ሰው ሆኖ ይጀምራል።

በመግቢያው ላይ ተጫዋቹ ከሰባት ነገዶች አንዱን ይመርጣል። ትዕቢተኞቹ ቬንትሩዎች አሉ፤ ዐመፀኞቹ ብሩሃዎች አሉ፤ አእምሯቸው የተናወጠው ማልካቪያኖች አሉ፤ በውበታቸው የታወቁት ቶሪዶሮች አሉ። በመጨረሻም ኖስፌራቱዎች አሉ፤ ፊታቸው የተበላሸ፣ ሰው ሲያያቸው የሚጮኽባቸው ናቸው። ስማቸው ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1922 የሠራውን ድምፅ አልባ ፊልም ያስታውሳል፤ የዚያ ፊልም ደም መጣጭ ራሱ የተመለጠ፣ ጆሮው የሾለ አስፈሪ ፍጡር ነበር።

ታናሹ ‹‹ቶሪዶርን ምረጪ፣ ቆንጆዎቹ እነርሱ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ይወድሻል›› አላት። እርሷ ግን ዝርዝሩን አንድ በአንድ ተመልክታ ኖስፌራቱ ላይ ቆመች።

‹‹እታለም፣ ምን ነካሽ? አስቀያሚዎቹን እኮ ነው የመረጥሽው!››

‹‹ዐውቄ ነው›› አለችው።

ወንድምየው ዝም አለ። ዝም ያለበትን ምክንያት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። እኅቱ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በዓይኖቿ ዙሪያና በአፏ ዳር ለምጽ ወጥቶባታል። መጀመሪያ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ነበረች፤ ከዚያ ሰፋች፤ ከዚያ በጣቶቿም ላይ ታየች። ሐኪሞች እንደሚሉት ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ሲጠፉ የሚከሠት ነገር ነው፤ አይተላለፍም፤ ከዓለም ሕዝብ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው እንዳለበት ይገመታል። ነገር ግን ቃሉ ራሱ ይበድላታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ‹‹ለምጽ›› ከሰፈር የሚያስወጣ ደዌ ነው፤ በዛሬው አነጋገር ደግሞ በዚያው ስም የማይተላለፈው የቀለም ለውጥ ይጠራበታል። አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ሲዞር፣ ቃሉን የተሸከመው ሰው የሌላውንም ዕዳ ይከፍላል። በማታቱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ቦታ ስትቀይር የምትሸሸው ከእርሷ አይደለም፤ ከአሮጌው ቃል ነው። ሆኖም ባዶው ወንበር የሚቀረው ከእርሷ ጎን ነው።

በብለድላይንስ ተጫዋቹ አፍንጫ አይቀርጽም፤ አገጭም አያሾልም። የሚመርጠው ነገዱንና ጾታውን ብቻ ነው፤ ፊቱ ከነገዱ ጋር ይመጣል። ይህ በዛሬ ዓይን ድህነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጨዋታው ለተጫዋቹ የፊት ምርጫ ባይሰጥም ፊትን የምር ይወስዳል። ኖስፌራቱ የሆነ ሰው በአደባባይ መሄድ አይችልም። የደም መጣጮች ትልቁ ሕግ፣ ‹‹ማስከሬድ›› የሚሉት፣ መኖራቸው ከሰው ልጅ ተሰውሮ እንዲቆይ ያዛል፤ ኖስፌራቱ ደግሞ በመታየቱ ብቻ ሕጉን ይጥሳል። ሕጉን ደጋግሞ የጣሰ ጨዋታው ያበቃበታል። ስለዚህ ሌሎቹ በመብራት ባሸበረቀው ጎዳና ሲንጎራደዱ እርሱ ከመንገዱ በታች፣ በፍሳሽ ማስወገጃው ቦይ ይሄዳል። ታሪኩ አንድ፣ ከተማዋም አንዲት ናት፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

እኅትየዋ ይህን መንገድ በፍጥነት ለመደችው። ታናሹ ካርታውን ሊያሳያት ሲል እርሷ ቀድማ ትገኛለች። ከቤቷ እስከ ማታቱ መቆሚያው ሁለት መንገድ እንዳለ፣ እርሷም ዘወትር የምትሄደው በረጅሙ፣ በአጥሩ ጥግ ባለው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ለጫማዋ ስለሚመቻት ይመስለው ነበር።

ከቦዩ በታች ያገኘቻቸው ሰዎች ደግሞ አስገረሟት። የኖስፌራቱዎች አለቃ ጋሪ ጎልደን በሕይወት ዘመኑ የፊልም ተዋናይ የነበረ ነው፤ ከሆሊውድ በታች ሆኖ የከተማዋን ምስጢር ሁሉ ይሰበስባል። ኢማሊያ የምትባለው ሞዴል ነበረች፤ ፊቷ ከጠፋ በኋላም መጽሔት ላይ በሚወጡት ልጃገረዶች ቅናቷ አልበረደም። ጨዋታው እነዚህን ሰዎች ለመሣቂያ አልፈጠራቸውም። ቀልደኛ ናቸው፣ ቂመኛ ናቸው፣ ዐዋቂዎች ናቸው። ማንም አያያቸውምና ሁሉን ያያሉ። ‹‹መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ›› የሚለው ብሂል እነርሱ ዘንድ አይሠራም፤ የሚደግፋቸው የሚያውቁት ነገር ነው።

ወንድምየው ግን አልተዋጠለትም። በሦስተኛው ቅዳሜ እንዲህ አላት፦

‹‹እታለም፣ አንቺ እኮ አስቀያሚ አይደለሽም።››

‹‹ነኝ አላልኩም።››

‹‹ታዲያ ለምን እነርሱን?››

‹‹እዚህ ቢያንስ ሁሉም ሕጉን ያውቀዋል። ፊት ከታየ ምን እንደሚመጣ በግልጽ ተጽፏል። ውጭ ግን ምንም የለም እያሉ ይሸሹሃል።››

ልጁ መልስ አላገኘም። በሚቀጥለው ሳምንት ‹‹ኦብሊቪየን›› የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ጨዋታ አመጣ። ሐሳቡ እኅቱን ከቦዩ ማውጣት ነበር። በዚህኛው ጨዋታ ፊትን መቅረጽ ይቻላል፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ ጉንጩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን፣ አገጩን፣ እያንዳንዱን በማውስ ግራና ቀኝ እየገፉ። የግእዝ ቅኔና ድርሰት የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ መልክእ የሚባለው ድርሰት ትዝ ሊለው ይችላል። በመልክእ ደራሲው ከስም ዝክር ተነሥቶ፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር፣ ለእያንዳንዱ አካል ለየብቻው ሰላምታ ያቀርባል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ መልክእ የተሰጠውን አካል ያከብራል፤ ማውሱ ግን የተሰጠውን አይቀበልም። ትዕግሥቱ ግን ይመሳሰላል፤ አንዱን አካል ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሻገሩም።

ልጁ ሁለት ሌሊት ሙሉ ደከመበትና አንድ መልከ መልካም ጀግና ወጣለት። ከዚያም ጀግናው በደም መጣጮች ዋሻ ውስጥ በሽታው ተጋባበትና ደም መጣጭ ሆነ። በዚህ ጨዋታ ረኃብ ፊት ላይ ይጻፋል። ደም ሳይጠጣ ቀን ባለፈ ቁጥር ጉንጩ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው ይገረጣል፣ ዓይኑ ይቀላል፤ ኃይሉ ሲጨምር የፀሐይ ብርሃን ይጎዳዋል። ከተኛ ሰው ደም ሲጠጣ ግን መልኩ መለስ ይላል። የሁለት ሌሊት ድካሙ በጥቂት ቀናት ሲረግፍ ያየው ልጅ በብስጭት ሣቀ።

‹‹አንተማ ስትጠጣ ይመለስልሃል›› አለችው እኅቱ። አልሣቀችም።

ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ልቦለዱ ድራኩላን በመስታወት የማይታይ አድርጎ ሥሎታል። ይህ ነገር ከእነዚህ ጨዋታዎች ጋር ሲተያይ ያስገርማል፤ ራሱን ማየት ለማይችል ፍጡር ሰዎች ሰዓታት እያጠፉ ቅንድብ ይስላሉ። ግን ምናልባት ነገሩ ይህ ነው፦ ፊት ለባለቤቱ ብቻ አልተሠራም። ባለቤቱ ፊቱን የሚያየው በሌሎች ዓይን ውስጥ ነው፤ ያ ዓይን ከዞረ መስታወቱም ከዞረ ይቆጠራል።

ክረምቱ ሲገባ ልጁ የጓደኛውን አዲስ ላፕቶፕ ለሦስት ቀን ተውሶ መጣ። ውስጡ ‹‹ዘ ሲምስ 4›› ነበረ። ለዚህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2017 የቫምፓየር ተጨማሪ ክፍል ወጥቶለታል፤ በዚያም ደም መጣጩ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ የዘወትር፣ ሌላው የጨለማ። ተጫዋቹ ሁለቱንም ለየብቻ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አዘጋጆቹ፣ ለምጽ ካለባት ካናዳዊት ሞዴል ከዊኒ ሃርሎው ጋር ተባብረው፣ ለምጽን በቆዳ ምርጫዎቹ ውስጥ ጨመሩት።

ልጁ ምንም ሳይናገር ማውሱን ሰጣት። እርሷም ደም መጣጭ መሥራት ጀመረች። በጨለማው መልክ ገጽ ላይ የሾሉ ጥርሶችን፣ የሚያበሩ ዓይኖችን አየች፤ ለምጽ ግን እዚያ መካከል አልነበረም። የነበረው በቆዳ ዝርዝር ውስጥ፣ ማንም ሰው ሊኖረው ከሚችለው ከማርያም ስሞሽና ከመሳሰለው ጋር ነበረ። ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከጭራቁ ገጽ አይደለም፤ ከሰው ገጽ ነው።

ካሉት ቅርጾች መካከል ለእርሷ የሚቀርበውን ፈልጋ መረጠች። ከዚያ እጇ ቆመ።

‹‹የሚሰፋው የግራው ነው የቀኙ?›› አለች፣ ለራሷ ያህል። ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ፋውንዴሽን ስትቀባ ፊቷን ታየው ነበር፤ ነገር ግን የምታየው የሚሸፈነውን እንጂ ያለውን አልነበረም።

‹‹የግራው ነው፤ ቀኙ ከታች ቀጠን ይላል›› አለ ወንድሟ ወዲያው፣ ስክሪኑን ሳይሆን እርሷን እያየ።

ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፤ ውኃ ሲወርድ ተሰማ። ፋውንዴሽኑን ታጥባ፣ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች ተመለሰችና ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።

‹‹እውነትህን ነው›› አለችው። ‹‹የግራው ነው።››