ጎረቤት ቁጥሮች

የወሎው ሐይቅ አርዲቦ፣ «ሐይቅ» ከሚባለው ታላቅ ጎረቤቱ ከፍ ብሎ ስለተኛ፣ ሞልቶ የተረፈውን ውኃ ወደ ታች ይለቅለታል። ቁጥሮች ግን እንዲህ ያለ ጉርብትና አያውቁም። የፈለጋችሁትን ሁለት ተከታታይ ቁጥር ውሰዱ፤ ከ1 በቀር ሁለቱንም ያለ ቀሪ የሚያካፍል አታገኙም። 14 ከ2 እና ከ7 ተሠራ፤ 15 ከ3 እና ከ5። አጥር ለአጥር እየኖሩ ጨው አይበዳደሩም።

ሥራ ፈት ሰው አርዲቦ ዳር ቁጭ ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በየአካፋዩ ሲበትን ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። 2013 ማለት 3 በ11 በ61 ነው። 2014፦ 2፣ 19 እና 53። 2015፦ 5፣ 13 እና 31። 2016 ብዙ ጊዜ ቢበተንም የሚወጡት 2፣ 3 እና 7 ብቻ ናቸው። አራት ዓመት በተከታታይ፣ እያንዳንዱ ሦስት ዓይነት ብቸኛ አካፋይ ይዞ፣ አንዱም ካጠገቡ ሳይዋስ! ከዚያ 2017 መጣ፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር። 5500 ጨምራችሁ በዓመተ ዓለም ብትቆጥሩትም 7517 ይሆናል፤ እሱም ብቸኛ። (ወሎ በ2014 ጦርነት ያየችውን አበሳ ከዚህ ጋር ማያያዝ የሚሻ ዐውደ ነገሥቱን ይግለጥ፤ እኔ የለሁበትም።)

እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ የውጫሌ ውል የተፈረመበት 1881 ባለሦስት ነው፦ 3፣ 11 እና 19። የዐድዋው 1888 ባለሁለት፦ 2 እና 59። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ ይላል።

አጋጣሚ ያልሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባቀኑት በሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ በሌላው ገዳም፣ ጾሙና በዓሉ የሚወጣው በዚሁ ስሌት ነው። ዓመታቱ በየተራ የሚሰየሙባቸው ወንጌላውያን 4፣ የሳምንቱ ዕለታት 7፣ የጨረቃዋ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ከ1 በቀር የሚጋሩት አካፋይ ስለሌለ፣ እኩል ተነሥተው እንደገና እኩል ለመግጠም ሙሉ ብዜታቸውን፣ 532 ዓመትን መጠበቅ አለባቸው። ዓቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። ጨረቃዋ የ19ን ጎረቤት 20ን ብትመርጥ ኖሮ፣ 20 ለ4 ስለሚካፈል ነገሩ ሁሉ በ140 ዓመት ያልቅ ነበር። የአንድ ዓመት ልዩነት 392 ዓመት አተረፈ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ስሌት በበኩሌ አላየሁም።

2018 ከ2 እና ከ1009 ነው፤ 2019 ከ3 እና ከ673። 2020ን እናንተ በትኑት።