ጥንድ ወይስ አንድ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ መሬቱን ጦም አያሳድርም። እንደ እርሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልግና በመቀናጆ ያርሳል፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን። የኮምፒዩተር ሠሪዎችም ይህን የሚመስል ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሲሸጡ ኖረዋል። ሁለት ርካሽ የግራፊክስ ካርዶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢጣመሩ የአንድ ውድ ካርድ ጉልበት ይሰጣሉ የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ ያለው ቀንበሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የተሰኘውን ካርድ ሲያወጣ ሁለቱን አጣምሮ ማሠራት ይቻል ነበር። አንደኛው ካርድ አንዱን የስክሪን መስመር ሲስል ሁለተኛው ቀጣዩን ይስላል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ሥዕሉን ይጨርሳሉ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ወደቀ፤ ንብረቱን የገዛው ኤንቪዲያም እ.ኤ.አ. በ2004 ኤስኤልአይ የሚለውን ስም አንሥቶ ጥምረቱን በአዲስ መልክ አመጣው። ተፎካካሪው ኤቲአይ በማግሥቱ ዓመት ክሮስፋየርን ይዞ ተከተለ። በዚያን ጊዜ የሸማቹ ጥያቄ፣ ሁለት ጂፎርስ 6600 ጂቲ ልግዛ ወይስ አንድ 6800 አልትራ የሚል ነበር።

ሻጩ በሣጥኑ ላይ የማይጽፈው ነገር ነበር። በተለመደው አሠራር አንዱ ካርድ አንድ ሙሉ ምስል፣ ሌላው ቀጣዩን ምስል ይሠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ሜሞሪ ውስጥ መያዝ አለበት። 128 ሜጋባይት ያላቸው ሁለት ካርዶች ሲጣመሩ 256 አይሆኑም፤ ያው 128 ናቸው። ከዚህም ሌላ ምስሎቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት ስለማይደርሱ፣ በሰከንድ የሚታየው የምስል ቁጥር ከፍ ብሎ ሳለ ዓይን መንቀጥቀጥ ያያል። ጥምረቱ ለየጨዋታው የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል፤ ያ ካልተደረገ ሁለተኛው ካርድ ኤሌክትሪክ እየበላ ይቀመጣል። በመጨረሻም ኤንቪዲያ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለኤስኤልአይ አዲስ ዝግጅት እንደማይጨምር አስታወቀ፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ደግሞ ማጣመሪያ መሰኪያው እንኳ የለውም። ለጨዋታ ለሚገዛ ሰው ክርክሩ በዚህ አልቋል።

ለሥራ ለሚገዛ ሰው ግን አላለቀም። ናይሮቢ ውስጥ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን ምስል ለአርክቴክቶች እያዘጋጀ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት እቁብ ደርሶት ነበር። የመረጠው ሁለት አዲስ አርቲኤክስ 3060 ነው። አጎቱ በኤስኤልአይ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸውና፣ «ጥንድ ካርድ አይተን ጨርሰናል፤ አንድ ጠንካራ ግዛ» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ለጨዋታ ነው» አለ ወጣቱ። «እኔ በብሌንደር ነው የምሠራው፤ ካርዶቹ መጣመር አያስፈልጋቸውም።»

እውነቱን ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ አንድ ሥዕል ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ካርድ ድርሻውን ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን እምብዛም አይጠብቅም። ፍጥነቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሌላም ክብደት ያለው ምክንያት ነበረው፦ አንዱ ካርድ ቢቃጠል በሌላው ሥራው ይቀጥላል። ለደንበኛ ቀን ቆርጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አጎቱ የሚሉት አርቲኤክስ 3090 በበጀቱ የሚገኘው ያገለገለ፣ ዋስትና የሌለው ነው፤ ምናልባትም ቀን ከሌት ክሪፕቶ ሲያመርት የከረመ።

አጎቱ አልተከራከሩም። «ካሉህ ሥራዎች ትልቁ ስንት ይመዝናል?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

የሜሞሪው ነገር እዚህም ይመለሳል። ሥራው ለሁለት ቢከፈልም ሕንፃው፣ ዛፉና ሣሩ ሁሉ በሁለቱም ካርዶች ውስጥ በሙሉ መቀመጥ አለበት። 12 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት 3060ዎች አሁንም ጣሪያቸው 12 ነው፤ የ3090 24 ነው። (የቋንቋ ሞዴል ለሚያሠራ ሰው ሒሳቡ ይለያል፤ እዚያ ሞዴሉን ለሁለት ካርድ ማካፈል ስለሚቻል ሁለት 12 ወደ 24 ይጠጋል።) ኤሌክትሪኩ እንኳ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱ 3060 አንድ ላይ 340 ዋት፣ 3090 ብቻውን 350 ዋት።

ወጣቱ ወደ ጓደኛው ቢሮ ሄደና የአንድ አፓርትማ ግቢ ሥራውን ከፈተ። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ከዚያ ደንበኛ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ፕሮግራሙ ያሳየው 17 ጊጋባይት ነበር። የቀሩት ሥራዎቹ ሁሉ ከ8 በታች ናቸው፤ ለእነርሱ ጥንዱ ይበቃ ነበር።

በሉቱሊ ጎዳና ያገለገለውን 3090 ሲገዙ፣ አጎቱ ካርዱ በሙሉ ኃይሉ ሁለት ሰዓት ሳይሠራ ገንዘብ አይከፈልም ብለው ተቀመጡ። ባለሱቁ አጉረመረመ፤ እርሳቸው ሻይ አዘዙ። ካርዱ ሁለቱን ሰዓት ጨረሰ። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ቤት ሲደርሱ ተገኘ፦ የወጣቱ ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነው፤ ለ3090 ኤንቪዲያ የሚመክረው ደግሞ 750 ዋት። የእቁቡ ገንዘብ አልቋል፤ የየወሩ መዋጮ ግን ገና አላለቀም። የፓወር ሰፕላዩን ዋጋ አጎቱ ከኪሳቸው አወጡ፤ የአፓርትማው ሥራ ሲከፈል ሊመልስላቸው ተስማሙ።