መብራት ሲሄድ እጅ ላይ የሚቀረው

ዌብሳይት የሚሠሩ ልጆች ሁለት ሆነው ከተቀመጡ ወሬያቸው ምን መሰላችሁ? መሣሪያ ነው። «አንተ በምን ትጽፋለህ?» «እሱን ተወውና ይሄን ሞክር።» የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊዎች እንኳ እንደዚህ አይነታረኩም። እኔም ከጭቅጭቁ አልቀርም። ግን ቦሌ ላይ ፋይበር በገባበት ቢሮ ለሚውል ልጅ የሚመቸው ዕቃ ወልቂጤና ቡታጅራ ለሚሠራው ሁልጊዜ አይሆነውም ባይ ነኝ። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ መብራት ሄዶ ኔትወርክ ሲጠፋ እጄ ላይ ምን ይቀራል?

በዚህ መለኪያ የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን ጊትን የሚስተካከል የለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የሊኑክስ ሰዎች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ የንግድ ፕሮግራም በነጻ መገልገሉ ሲቋረጥባቸው። ሰውየው ስለ ቡታጅራ መብራት አስቦ ባይሆንም፣ ለእኛ ብሎ የሠራው ይመስላል። የፕሮጀክቱ ታሪክ በሙሉ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ነው ያለው። ካፌው ጨለመ እንበል፤ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ባትሪው ግን አለ። የዋጋውን ገጽ አስተካክላችሁ፣ «የክፍል ዋጋ ታረመ» የምትል አጭር ማስታወሻ ጽፋችሁ ኮሚት ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ገጽ። ጊትሃብ ላይ መጫኑ ማታ ኔትወርክ ሲመለስ፣ ወይም በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ በሞባይል ዳታ ይደርሳል።

ቪኤስ ኮድን ሁሉም ስለሚያውቀው አላወራበትም። ይልቅ ዚል የሚባለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጃቫስክሪፕቱን፣ የሲኤስኤሱን፣ የላራቬሉን መመሪያ አንዴ ካወረዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀመጣል፤ ያለ ኢንተርኔት እየፈለጋችሁ ታነባላችሁ። ኤንፒኤምም ቢሆን ያወረደውን ጥቅል ካሽ ውስጥ ይዞ ይቆያል። «ፕሪፈር ኦፍላይን» ብላችሁ ካዘዛችሁት መጀመሪያ እዚያ ይፈልጋል፤ ያንኑ ዕቃ ለአዲስ ፕሮጀክት ድጋሚ ስታወርዱ የዳታ ፓኬጃችሁ አያልቅም። ፊግማ ቆንጆ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ኑሮው ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ ኔትወርክ ሲከዳ አብሮ ይከዳል። የመጀመሪያውን ንድፍ ደብተር ላይ መሣል ኋላ ቀርነት እንዳይመስላችሁ።

ወልቂጤ ከአንድ የሆቴል ባለቤት ጋር ስትቀመጡ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ደግሞ የታወቀ ነው።

«ልጄ፣ ቴሌግራም ቻናል አለኝ። ዌብሳይት ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

«ጋሼ፣ ለመስቀልና ለአረፋ አገር ቤት የሚገባው ሰው ክፍል መኖሩን እርስዎ ተኝተውም ማወቅ ይፈልጋል።»

«እሱስ እውነትህን ነው። ስንት ትለኛለህ?»

(አንዳንዴ ቴሌግራሙ በቂ ነው። የማረቆ በርበሬ ለሰፈሯ ለምትሸጥ እናት ዌብሳይት መሸጥ ነውር ነው። እንዲህ ስል የሚቆጡኝ ጓደኞች አሉ።)

ከተስማማችሁ በኋላ ፎቶው ይጎርፋል፤ የክትፎው፣ የአልጋው፣ የበሩ፣ እያንዳንዱ ከስልክ እንደወጣ፣ ስንትና ስንት ሜጋባይት። እዚህ ላይ ስኩሽን አመሰግናለሁ። አንዴ ብራውዘር ላይ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል፤ ፎቶውን የትም ሳይልክ እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ወደ ዌብፒ ቀይሮ ያሳንሰዋል። ሥራው ሲያልቅ ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኔትወርኩን ሆን ብላችሁ አዘግዩትና ገጹን ክፈቱት። እናንተን ያሰለቸ ገጽ ደንበኛውን ያስኮበልለዋል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በቻፓ ይገናኛል። ለውጭ ደንበኛ ስትሠሩ ግን ስትራይፕ ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አካውንት ስለማይከፍት፣ «በምን ትከፍለኛለህ?» የሚለውን ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

አሁን የምወደውን ላምጣ። ደንበኛው «በጉራጊኛም ሰላምታ ይኑረው» ሲል ነው ጨዋታው የሚደምቀው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያኔ ግን የሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆች ፊደል አልተሟላም ነበር። በ2005፣ ጊት በተጻፈበት በዚያው ዓመት፣ እንደ ᎀ እና ᎄ ያሉ፣ ከመ፣ ከበ፣ ከፈ እና ከፐ የተወለዱ 16 ፊደላት ገቡ። በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚሆኑ 28 ፊደላት ተጨመሩ። መግባታቸው ግን ሁሉም ስልክ ላይ ይታያሉ ማለት አይደለም። የእናንተ ላፕቶፕ ላይ አምሮ የታየው ሰላምታ የባለ ሆቴሉ አሮጌ ስልክ ላይ ሲከፈት መሀል መሀሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። እሳቸውም «ይሄ ምንድን ነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ይላሉ።

መፍትሔው የደንበኛውን ስልክ አለማመን ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ነጻ ፎንት እነዚህን ፊደላት ይዟል፤ ከገጹ ጋር አብራችሁ ትጭኑታላችሁ። ሙሉው ከከበዳችሁ ፎንትቱልስ በሚባለው ፕሮግራም ገጹ ላይ ያሉትን ፊደላት ብቻ ለይታችሁ ታወጣላችሁ፤ እሱም ኔትወርክ አይፈልግም። ለመጻፊያ ኪይማን አለ።

ፊደሉ ከታየ በኋላ የሚመጣው ክርክር ግን ሌላ ነው። ከሰባት ቤት ጉራጌዎች ቸሃው «እንዲህ ነው የሚባለው» ሲል እነሞሩ «የለም፣ እንዲያ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዳኝነቱን ለእነሱ ትቼ እኔ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጣለሁ፣ ኮሚትም አደርጋለሁ፤ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ መመለሻ አለኝ።