እግር ከረዘመ በኋላ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ በተቀዳጀባት ዕለት፥ በዚያው ስታዲየም ቫሌሪ ብሩሜል የተባለ ሩስያዊ በከፍታ ዝላይ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር አልፎ ወርቁን ወሰደ። አንዲት ቀን ያገናኘቻቸውን እነዚህን ሁለት ጀግኖች ኋላ የእግር መከራም አገናኛቸው፤ ብሩሜል በዓመቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ደቀቀ፥ አበበም በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ አለው። አበበ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ እስከ መወዳደር መድረሱን የማያውቅ የለም። እኔ ግን የብሩሜልን ነገር ማንሣት የወደድሁት፥ እርሱ የተፈወሰበትን ጥበብ በከተማችን በአሶሳ፥ በጎረቤቴ ልጅ ቅልጥም ላይ ሲሠራ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ብሩሜል ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ አልደርቅ፥ እግሩም ከሌላው አጥሮ ቢቀርበት፥ እ.ኤ.አ. በ1968 ኩርጋን ወደምትባለው የሳይቤሪያ ከተማ ወደ ሐኪሙ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ሄደ። ኢሊዛሮቭ በገጠር ሲያክም የኖረ፥ የተሰበረ አጥንትን በብረት ቀለበትና በቀጫጭን ሽቦ ከውጭ ወጥሮ ማቆምን ያቀና ሰው ነበር። አጥንቱ በጥንቃቄ ከተቆረጠና ጥቂት ቀን ካረፈ በኋላ፥ የብረቱ ብሎን በቀን አራት ጊዜ ሩብ ሩብ ሚሊ ሜትር እየዞረ ሁለቱ ጫፎች በቀን 1 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታም አዲስ አጥንት ይበቅላል። ቢፈጥኑበት አጥንቱ ሳይሞላ ይቀራል፥ ነርቭም ይጎዳል፤ ቢዘገዩበት ደግሞ ሳይረዝም ይገጥማል። 4 ሳንቲ ሜትር ለማግኘት የዐቢይ ጾምን ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም፤ የበቀለው እስኪጠነክር ግን ብረቱ ከዚያ በኋላ ወራት ይቀመጣል።

የጎረቤቴ ልጅ በሕፃንነቱ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የተሰበረው ቅልጥሙ በወጌሻ እጅ በቀርከሃ ታስሮ፥ ተጣሞና አጥሮ ገጠመ። (ወጌሻን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው አልወድም፤ የስንቱን ወለምታ ያቃናው እርሱ ነውና። ነገር ግን አጥብቆ ማሰር ደምን አግዶ ስንት እግር እንዳስቆረጠ የአጥንት ሐኪሞቻችን ሁሉ ያውቁታል።) ጎልምሶ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ በአዲስ አበባ ታከመና፥ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተተርትሮ፥ ብረቱን በነጠላ ሸፍኖ ተመለሰ። እናቱ ጨው የገባበት ውኃ አፍልታ ታቀዘቅዛለች፤ ሽቦው ከሥጋ የሚወጣበትን እያንዳንዱን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን ትጠርጋለች፤ ቀዳዳው ቀልቶ እንደ ሆነ፥ መግልም ይዞ እንደ ሆነ ጎንበስ ብላ ትመረምራለች።

እኛ ጎረቤቶች ሁሉ ብሎኑ ዞሮ ሲያበቃ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር፤ ትልቁ ሥራ የጀመረው ግን ያን ጊዜ ነው። አጥንት ለሐኪሙ ይታዘዛል፥ ጡንቻና ጅማት ግን እያጕረመረሙ ይከተላሉ፤ የባቱ ሥጋ ተወጥሮ ተረከዙን ወደ ላይ ስለሚስበው፥ ጣቱ መሬት ሲነካ ተረከዙ አልደርስ አለ፥ ጉልበቱም አልዘረጋ አለ። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ተቀምጦ፥ ፎጣ በውስጥ እግሩ አዙሮ ወደ ራሱ ይስባል፤ ፊቱ በላብ እስኪጠመቅ ድረስ ይይዘዋል። አባቱ በግቢያቸው ሁለት ረዣዥም ቀርከሃ በዳሌው ልክ አግድም ተከለለት፤ በመካከላቸው ሆኖ፥ መስተዋት ፊት ለፊት አስቀምጦ፥ ትከሻው ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል እየተጠነቀቀ ይመላለሳል። ለብዙ ዘመን አንክሶ የኖረ ሰው፥ እግሮቹ ከተካከሉም በኋላ ማነከሱን አይተውም፤ ይህን ከርሱ ባላይ ኖሮ ባላመንሁ።

የዘመዶቹ ፍቅር ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። በአገራችን ልማድ የታመመ ሰው ይተኛል፥ ይጎበኛል፥ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ቆሞ የተገኘ እንደ ሆነ “ምነው ልጄ፥ ዕረፍ እንጂ!” ይባላል። ሐኪሙ ግን በዚህ ሕክምና እግር ሸክሙን በልክ ካልተሸከመ አጥንቱ አይጠነክርም ብሎ አዝዞ ነበርና፥ ልጁ ከሕመሙ ይልቅ ከአክስቶቹ ጋር ሲሟገት ዋለ። የነፍስ አባቱ የተሻለ አስተዋሉ፤ ከጾም ፈትተው እንቍላልና ወተት እንዲወስድ አዘዙት።

በባለጸጋ አገሮች ጤናማ እግራቸውን ለቁመት ብቻ የሚያስረዝሙ ሰዎች እንዳሉ ይነገራል፤ በቁመት ላይ ክንድ ስለ መጨመር በወንጌል የተጻፈውን ያነበበ ሰው በዚህ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የኛው ልጅ ግን የሚመኘው ቁመት ሳይሆን ቁጢጥ ማለት ነው፤ የገጠር መጸዳጃ፥ ዝቅ ያለ ዱካ፥ ከሁሉም በላይ የሰሞነ ሕማማት ስግደት፥ ጉልበትንም ዳሌንም ቁርጭምጭሚትንም በአንድነት ይጠይቃሉ። የትኛውም የስፖርት ማዘውተሪያ መሣሪያ እንደ ስግደት ያለ ምርመራ የሚያደርግ አይመስለኝም። ባለፈው ሕማማት ግድግዳውን በመዳፉ ተደግፎ ግማሹን ወርዶ ተመልሷል።

አሶሳ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፍ የኖረ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ስላላት ልጁ ባጃጅ ይዞ እየሄደ እንቅስቃሴውን ያስመረምራል፤ ከወረዳ የሚመጣው ግን ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ስለሚቸገር ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ያቋርጣል። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ የሚያዋጣው ዘመድ አዝማድ፥ ለዚህ ለኋለኛው ወራት እጁን አይዘረጋም፤ ቢላዋው ሲታይ ያስፈራል፥ የፎጣው ሥራ ግን ለማንም አይታይም። ብሩሜልም ቢሆን ተመልሶ ሁለት ሜትር ዘልሎ አለፈ እንጂ፥ በደኅናው ዘመን የያዘውን 2 ሜትር ከ28 ዳግመኛ አልደረሰበትም፤ ያለዚያ የብዙ ወር ልምምድ ደግሞ ወደ ሜዳው እንኳ ባልቀረበ።

ብረቱ ከወጣ በኋላ ያዲሱ አጥንት የመሰበር ሥጋት ገና ስላላለፈ፥ ልጁ ኳስ እንዳይነካ ተከልክሏል፤ አንድ ክራንች ብቻ በግራው ይዞ እስከ ገበያ ይደርሳል። ለሚመጣው ኤክስሬይ ወደ አዲስ አበባ ስንሸኘው፥ እግሩን የሚዘረጋበት እንዲያገኝ የአውቶቡሱን ወንበር በመተላለፊያው በኩል ቀድመን እንይዝለታለን።