ትምህርት በተራው

በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ያልለየ ልጅ ንባብ አይጀምርም፤ ዳዊት ያልደገመም ወደ ቅኔ ቤት አይሻገርም። መምህሩ እንዲህ የሚያደርገው ተማሪውን ለማጉላላት ሳይሆን፥ የኋለኛው ትምህርት በፊተኛው ላይ የሚቆም ስለ ሆነ ነው። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግን ስለ ዩኒቨርሲቲ ስናስብ «ምን ልሁን?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ወደዚያ ለመድረስ አስቀድሜ ምን ልማር?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ መጽሔት ጥቂት መናገር ወደድሁ።

ይህ አሳብ ያደረብኝ ባለፈው ክረምት ነው። ታላቅ ወንድሜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ይማራል። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ የአንድ ጓደኛውን ነገር አጫወተን። ጓደኛው ትጉህ ልጅ ቢሆንም ስታቲክስ የሚባለውን ኮርስ ወደቀ። ስታቲክስ በቆመ ነገር ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች የሚመዝን ትምህርት ነው። እርሱን ያላለፈ ተማሪ የቁሳቁስን ጥንካሬ የሚያስተምረውን ኮርስ መመዝገብ አይፈቀድለትም፤ ያንን ያላለፈ ደግሞ የሕንፃን አካል ስሌት፥ ያንንም ያላለፈ የአርማታን ንድፍ ሊማር አይችልም። ይህን ደንብ በዩኒቨርሲቲ ፕሪሪኩዚት ይሉታል፤ አስቀድሞ ተምረው ሊያልፉት የሚገባ ትምህርት ማለት ነው። ኮርሱም በዚያ ክፍል በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፥ ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀረ።

«ያቃተው ስታቲክሱ አይደለም፤ ሳይንና ኮሳይን ነው» አለ ወንድሜ። እናታችን ይህን ሰምታ፥ «ወይ ልጄን! ለዚህች ለትንሿ ነገር ዓመት ይጠፋል?» ብላ አዘነች። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሳይንና ኮሳይን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሳይሆኑ እኛው እዚህ የምንማራቸው፥ ብዙዎቻችንም ፈተናው ሲያልፍ የምንረሳቸው ናቸው።

ለመሆኑ ፊዚክስ ሒሳብን ይህን ያህል የሚፈልገው ስለ ምንድን ነው? በአንድ ምሳሌ እንየው። ከከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ፥ የአየሩ መከላከል ቸል ቢባል፥ በ1 ሴኮንድ 4.9 ሜትር፥ በ2 ሴኮንድ 19.6 ሜትር፥ በ3 ሴኮንድ 44.1 ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ልክ 3ኛው ሴኮንድ ሲሞላ የድንጋዩ ፍጥነት ስንት ነው? ከ3 እስከ 3.1 ሴኮንድ ያለውን አማካይ ፍጥነት ብናሰላ በሴኮንድ 29.89 ሜትር ይሆናል። ከ3 እስከ 3.01 ያለውን ብናሰላ 29.449 ይሆናል። ጊዜውን እያሳጠርን በሄድን መጠን መልሱ ወደ 29.4 ይጠጋል። ይህን መጠጋት በሥርዓት የሚያስተምረው ካልኩለስ ነው። ስሌቱን ለማንኛውም ጊዜ እንዲሆን አድርጎ ለመሥራት ደግሞ የሁለት ነገሮችን ድምር በራሱ ማባዛት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም የአልጀብራ መጀመሪያ ነው። ፊዚክሱ ካልኩለስን፥ ካልኩለሱም አልጀብራን ይጠራል ማለት ነው።

«ፋራዴይስ ያለ ሒሳብ አልተመራመረምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በልጅነቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ይማር የነበረው ማይክል ፋራዴይ፥ ከፍ ያለ ሒሳብ ሳይማር፥ የሚንቀሳቀስ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ በ1831 እ.ኤ.አ. አሳየ። ነገር ግን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕግ በሒሳብ ተጽፎ ከብርሃን ጋር ዝምድናው የታወቀው፥ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት የሚማር ሰው የሚያገኘው በማክስዌል ቋንቋ ተጽፎ ነውና፥ ቋንቋውን ሳያውቅ መጽሐፉን ሊያነብ አይችልም።

ደግሞም 11ኛ ክፍል ስንገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን እንመርጣለን። ማኅበራዊ ሳይንስ የተከበረ ትምህርት ነው፤ ወዶት የመረጠው መልካም አደረገ። ከሒሳብ ለመሸሽ ብሎ የመረጠው ግን ኢኮኖሚክስ ሊማር የገባ እንደ ሆነ፥ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ በደጃፉ ቆመው ይጠብቁታል።

ስለዚህ፥ ውድ ጓደኞቼ፥ የምትመኙትን ሙያ ከላይ ይዛችሁ ወደ ታች ቍጠሩ። የመጨረሻው ዓመት ኮርስ በምን ላይ ይቆማል? ያስ በምን ላይ ይቆማል? እኔ ይህን ከወንድሜ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ብሞክረው፥ ከሁሉ በታች የተጻፈው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ሆኖ ተገኘ። የጎደለ ነገር ያገኘ ሰውም ወደ ኋላ ተመልሶ ቢያጠና ሊያፍር አይገባውም። ያ የወንድሜ ጓደኛ በቀረበት ዓመት የታናሽ እኅቱን የሒሳብ መጽሐፍ ተውሶ፥ ባልንጀሮቹ ቢሥቁበትም፥ ሦስት ማዕዘንን ከመጀመሪያው ጀምሮ አጠና። በማግሥቱ ዓመት ስታቲክስን አልፎ ትምህርቱን ቀጠለ።

መምህራኖቻችንም አንድ ምዕራፍ ስታስጀምሩን ምዕራፉ ወደ የትኛው ትምህርት እንደሚያደርስ ብትነግሩን በበለጠ ትጋት እንማረዋለን። ወላጆቻችንም «ሐኪም ሁን፥ ኢንጂነር ሁኚ» ከማለት ጋር «ለዚያ የሚያስፈልገውን ሒሳብ ይዘሃልን? ይዘሻልን?» ብላችሁ ብትጠይቁን ትልቅ እርዳታ ይሆነናል።

ፕሪሪኩዚት ተማሪን ለመከልከል የተተከለ አጥር የሚመስለው ብዙ ነው። እኔ ግን የወንድሜን ወሬ ከሰማሁ ወዲህ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ደንቡ የሚጠብቀው እኛን ብቻ ሳይሆን፥ ነገ በምንሠራው ድልድይ ላይ የሚያልፈውንና እኛ ባሰላነው ጣሪያ ሥር ልጆቹን የሚያስተኛውን ሰው ነው። ያ ሰው ሳይንና ኮሳይንን በሚገባ መማራችንን ሊመረምር አይችልም፤ አምኖን ይገባል እንጂ።