«ትለምደዋለህ» ስለሚባለው ማስክ

ዛሬ ስለ ምንዛሪም ስለ መብራት መቆራረጥም አልጽፍም። ሁለቱም መሃል ላይ ብቅ ማለታቸው ግን አይቀርም። የምጽፈው ላለፉት አራት ወራት በየምሽቱ ፊቴ ላይ አስሬ ስለምተኛው የሲሊኮን ማስክ ነው። የቻናሉ ተከታታዮች ከእኔ የምትጠብቁት ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ከምታነቡት መካከል ግን ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆሞ በድንጋጤ የሚነሳ፣ ቀን ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ስለዚህ ከሰሞኑ አጀንዳ አንድ ቀን ብሰርቅ አይከፋም።

በሽታውን ሐኪሞች «ስሊፕ አፕኒያ» ይሉታል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ አንዳንዶቻችን ላይ ከመላላት አልፈው የአየር መተላለፊያውን ይዘጉታል። ደረት ይታገላል፣ አየር አይገባም፣ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ በመጨረሻ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል። ጉሮሮ ይከፈታል፣ ያ ቤት የሚያናውጥ ማንኮራፋት ይሰማል፣ ሰውየው ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ትንፋሹ በሰዓት ከ5 ጊዜ በታች ከተቋረጠ ወይም ካነሰ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል፤ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። የእኔ 34 ነበር። በየሁለት ደቂቃው ገደማ እታነቃለሁ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ የራሱ ስም አለው። እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ሌሊት እያቃሰትኩ ስነሳ ሰምታ «ዱካክ ነው ልጄ፣ በጀርባህ አትተኛ» አለችኝ። ዱካኩን ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ ምክሯ ግን ልክ ነበር፤ ብዙ ሰው ላይ በጀርባ መተኛት መታፈኑን ያብሰዋል። ማንኮራፋትን ደግሞ የጥጋብና የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርገን እንስቅበታለን። ባለቤቴ ግን ከሳቁ ወጥታ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረች ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ሕክምናው አየር ነው። ሲፓፕ የሚባለው ማሽን ከክፍሉ አየር እየሳበ በቱቦና በማስክ በኩል ይገፋል፤ ጉሮሮ እንዳይደፈን ከውስጥ እንደ ባላ ደግፎ ያቆመዋል። ኦክስጅን አይደለም፤ ጎረቤቶቼ እንደዚያ ይመስላቸዋል። ተራ አየር ነው። ግፊቱ የሚለካው በሴንቲሜትር ውሃ ሲሆን ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ይሰጣሉ። ለእኔ የታዘዘልኝ 11 ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ያህል። ሲሰሙት ምንም አይደለም። በጨለማ፣ በጀርባ ተኝተው ሲሞክሩት ግን ፊትን ከሚኒባስ መስኮት አውጥቶ ለመተንፈስ እንደመሞከር ነው።

ይህን ሕክምና የፈጠረው ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአምስት ታማሚዎች ላይ ያገኘውን ውጤት «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ከዚያ በፊት ለከባድ ሕመምተኞች የነበረው መፍትሔ አንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት ነበር። እኔን የገረመኝ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ነገር ነው፦ ሞተሩ ከቫኪውም ክሊነር የተወሰደ ሲሆን፣ ማስኩ ደግሞ በየምሽቱ ታማሚው ፊት ላይ በማጣበቂያ ይለጠፍ ነበር። ሞተሩ ከቤት ዕቃ ተገኘ። ፊት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሳያሳምምና ሳያፈስ የሚቀመጥ ነገር ማግኘት ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባዱ ሥራ ነው።

ምርመራ ያደረግኩበት ክሊኒክ ስለ ማስኩ የነገረኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ትለምደዋለህ»።

ማሽኑ ራሱ የመጣው ከቨርጂኒያ፣ በአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ይዞ የሄደው ሻንጣ ሲመለስ ሲፓፕ ይዞ መጣ። እዚያ አገር አንድ ሰው ማሽን ሲታዘዝለት ፊቱን አይቶ ማስክ የሚመርጥለት ባለሙያ ያገኛል፤ ካልተስማማው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ የሚቀይሩለት ሻጮች ብዙ ናቸው። ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ለማሽኑ መክፈሉን የሚቀጥለው ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ባለ አንድ የ30 ቀን ጊዜ፣ ቢያንስ 70 በመቶውን ሌሊት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተጠቀመበት ነው። ማሽኑ ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ይህ ሕግ ጨካኝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቀናሁበት፤ ቢያንስ ሰውየው ማስኩን አውልቆ መጣሉን የሚጠይቅ አካል አለ። እኔ የደረሰኝ አፍንጫና አፍን አብሮ የሚሸፍን፣ መካከለኛ ቁጥር፣ አንድ ማስክ ነው። ሌላ ልሞክር ብል በምን ዶላር?

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሳላሳምር ልንገራችሁ። ታፍኖ የሚያድር ሰው አፍና አፍንጫው ይሸፈናል፤ ከዚህ በላይ ግራ የሚያጋባ ሕክምና አላውቅም። አየር በአፍንጫዬ አናት በኩል ሾልኮ ዓይኔ ውስጥ ይነፍሳል፤ ጠዋት ዓይኔ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ዓይን ይመስላል። የአፍንጫዬ አጥንት ላይ ቀይ ሰንበር ይወጣል፤ ለቃለ መጠይቅ የሄድኩባቸው ሰዎች ተደባድቤ የመጣሁ መስሏቸው ሳይጠይቁኝ ያልፋሉ። አየር እየዋጥኩ ሆዴ ይነፋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እጄ እኔን ሳያማክር ማስኩን ነቅሎ ይጥለዋል፤ የምነቃው መሬት ላይ ወድቆ ሲያፏጭ ነው። ባለቤቴ «ጄት አብራሪ ያገባሁ መሰለኝ» ብላ ሳቀች፤ ሶፋዋን ግን ገና አልለቀቀችም።

«ትለምደዋለህ» የሚለው ቃል ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ይጀምራል። እኛ ችሎ መኖርን እናከብራለን፤ ብዙ ቦታም ያዛልቃል። ነገር ግን የልክ ጉዳይ የሆነውን ሁሉ የጠባይ ፈተና አድርገነዋል። ጫማ ሲጠበን «ይለቃል»፣ የትምህርት ቤት ወንበር ወገብ ሲሰብር «ቻለው»። ማስክ ግን ሲያሳምም አንድ ነገር እየተናገረ ነው፤ እያንዳንዱ ምቾት ማጣት የራሱ ምክንያትና የራሱ መላ አለው። አየሩ ወደ ዓይን ከሄደ ችግሩ ከላይ ነው። አፍ ከደረቀ ወይ አፍ ተከፍቶ ያድራል፣ ወይ አየሩ እርጥበት አጥቷል። አፍንጫ ላይ ሰንበር ከወጣ ማሰሪያው ጠብቋል፣ ወይም ቁጥሩ ልክ አይደለም።

ማሰሪያውን ማጥበቅ የማንኛውም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ለዚህ ማስክ ግን አይሠራም። ፊት ላይ የሚያርፈው የሲሊኮኑ ጠርዝ ስስ ነው፤ የተሠራው አየር ሞልቶት ተነፍቶ ፊት ላይ እንዲለጠፍ ነው። ሲጠብቅ ይጨማደድና ይበልጥ ያፈሳል። መመሪያው እንደሚለው ማስኩ የሚስተካከለው ቆሞ መስተዋት ፊት ሳይሆን ተኝቶ፣ ማሽኑ እየነፈሰ ነው፤ ስንተኛ የጉንጫችን ቅርጽ ይለወጣልና። አምራቾች መለኪያ ወረቀትም ያዘጋጃሉ። አሳትሜ አፍንጫዬ ላይ ሳስቀምጠው የእኔ ቁጥር መካከለኛው ሳይሆን ትንሹ ሆኖ ተገኘ። ቀጣዩን ሻንጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ትንሹ ሲሊኮን ሲመጣ የዓይኔ ነገር በሁለት ሌሊት አለቀ።

ፍርሃቱ ግን ቁጥር በመቀየር አይሄድም። እሱን ያስለቀቀኝ ቀን ላይ፣ ነቅቼ ማድረጉ ነው። መጀመሪያ ቱቦው ሳይገጠም ማስኩን ብቻ ፊቴ ላይ ይዤ፤ ቀጥሎ ማሽኑ በርቶ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየገለበጥኩ። የአንድ ባለሥልጣን የአርባ ደቂቃ ንግግር ማስክ አጥልቄ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳፈነኝ እዚህ አልናገርም። ማሽኑ ከዝቅተኛ ግፊት ተነስቶ ቀስ እያለ እንዲጨምር የሚያደርግ ማስተካከያም አለው፤ ከ4 ጀምሮ ሃያ ደቂቃ ውስጥ 11 ይደርሳል፤ እስከዚያ እንቅልፍ ይቀድማል። በነገራችን ላይ ማስኩ ፊት ለፊት ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። የምናስወጣው የተቃጠለ አየር የሚወጣው በእነሱ ነው። ያፏጫሉ ብሎ በፕላስተር መድፈን አደገኛ ነው።

የእኛ ቤት የራሱ ጣጣዎችም አሉት፤ እነሱን የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። ቫዝሊን ተቀብቶ መተኛት ለምሳሌ፤ ሲሊኮኑ ይንሸራተታል፣ ቅባቱም ያበላሸዋል። ስለዚህ እኔ ፊቴን ታጥቤ ማስክ አደርጋለሁ፣ ቫዝሊኑ ለጠዋት ተዛውሯል። አየሩን የሚያረጥበው የውሃ ዕቃ ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፤ የቧንቧ ውሃ ነጭ ክምችት ይተውበታል፤ እሱን በአቼቶና በውሃ ዘፍዝፎ ማስለቀቅ ይቻላል። መብራትስ? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል። አፍና አፍንጫን የሚሸፍኑት ማስኮች ያን ጊዜ የውጭ አየር የሚያስገባ ክዳን ስላላቸው ሰው አይታፈንም፤ ግን ይነቃል፣ ይናደዳልም። የገዛሁት ባትሪ ውሃ ማሞቂያው ከጠፋ አንድ ሌሊት ያዘልቃል፤ ከበራ ግማሹን። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

የማልጠብቀው ጣጣ የከፍታ ነው። የማሽኔ መመሪያ እስከ 2591 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ ይናገራል። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከዚያ በታች ናት። እናቴ ያለችበት ደብረ ብርሃን ግን ከ2800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ማሽኑ የታዘዘውን ግፊት በትክክል ለመስጠቱ አምራቹ ዋስትና አይሰጥም። ቢሆንም ለበዓል ይዤው ሄድኩ። ነፈሰ። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ብርድ ከማሽኑ የሚወጣው ርጥብ አየር ቱቦው ውስጥ ወደ ውሃ ይለወጥና እየተንቆረቆረ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። እናቴ ጠዋት ቱቦውን ገልብጬ ሳፈስ አየችኝ። ምንም ሳትል ያረጀ ጋቢ ቀዳ፣ ለቱቦው ረጅም እጅጌ የመሰለ ልብስ ሰፋችለት። በሚቀጥለው ሌሊት ጠብታ የለም። ውጭ አገር ይህ የቱቦ ልብስ በዶላር እንደሚሸጥ ስነግራት «ታዲያ ልስፋና ላካቸው» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን የሄድኩት ግን ለበዓሉ ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ይመላለሳል። ማንኮራፋቱ ከእኔ ይበልጣል። ትንፋሹ ሲቆም ልጆቹ ይቆጥራሉ፤ ጨዋታ አድርገውታል። በአፋር ሙቀት እንቅልፍ ሲጥለው በጫት ይይዘዋል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ከመንገድ ወጥቶ አሸዋ ላይ የቆመበትን እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። ተመርመር ካልኩት ቆይቻለሁ። መልሱ ሁልጊዜ የፊቴ ሰንበር ነበር፦ «ይሄን ለብሼ ከማድር ባንኮራፋ ይሻለኛል።» እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ፊቴን አይቶ ማንም ሰው ሌላ ነገር አይመኝም።

በዚያ በዓል ሰንበሩ አልነበረም። ባለቤቴም አብራኝ ነበረች፤ ከመጣን ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ እንደምንተኛ እናቴ አስተውላለች። ማታ ከቡና በኋላ መካከለኛውን ሲሊኮን፣ ለእኔ ያልሆነውን፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥቤ ማስኩ ላይ ገጠምኩና ሰጠሁት። ግፊቱን 4 ላይ አድርጌ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጥኩት። በጢሙ በኩል ያፈሳል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ አውልቆ አገላብጦ አየው፣ እንደ መኪና ዕቃ።

«ይሄ አፍን የማይሸፍን የለውም?»

«አለው። አፍንጫ ሥር ብቻ የሚቀመጥ፤ በአፍንጫህ የምትተነፍስ ከሆነ።»

«መኪናው ላይ ይሠራል?»

ብዙዎቹ ማሽኖች ለ12 ወይም ለ24 ቮልት የሚሆን መቀየሪያ እንዳላቸው ነገርኩት። የእሱ ተሳቢ 24 ነው። ምርመራው ለሚቀጥለው ወር 14 ተይዟል፤ ከጅቡቲ በጊዜ ከተመለሰ።